ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ጎረቤት ደጅ

ቤት አጥር አለው፤ እርሻም ድንበር አለው። አጥር ጥሶ የገባ ወይም ድንበር ገፍቶ ያረሰ ሰው ማጥፋቱን ራሱ ያውቀዋል፤ አላውቅም ቢል እንኳ ሽማግሌና ዳኛ ያሳውቁታል። መንገድ ግን የሁሉ በመሆኑ ተቈርቋሪ የለውም። ከባልንጀራው መሬት አንዲት ስንዝር ለመውሰድ የማይደፍር ጨዋ ሰው፣ መኪናውን በጎረቤቱ ደጃፍ ገትሮ አራት ክንድ መንገድ ይዞ ሲያድር አንዳች ነገር የወሰደ አይመስለውም። በማግሥቱም ጎረቤቱ ስለ ምን ፊቱን እንዳጠቈረበት አይገባውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ነገር ለአንዳንዶች ትንሽ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያቃቅረው፣ የቡናን ጥሪ የሚያስቀረው፣ ሰላምታንም የሚያቀዘቅዘው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ በደል ሳይሆን በየቀኑ የሚደጋገም ትንሽ ንቀት ነው። በማሕሌት የቆመ ደብተራ እንኳ መቋሚያውን ሲያነሣ የጎኑን ሰው እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ የአቋቋም ትምህርት ሲማር የባልንጀራውንም ስፍራ ማክበር አብሮ ተምሯልና። እንግዲህ መኪናም አቋቋም ያስፈልገዋል ብንል ቀልድ አይሁንብን።

ሉማሜ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሐ ጽዮንን ያለፈ፣ የዓባይንም በረሃ ወርዶ የወጣ መኪና ደጀን ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ ሁለተኛው በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ያመራል። ከተማዪቱ በዚህ አውራ ጎዳና ላይ የቆመች በመሆኗ የመንገዱ በረከትም የመንገዱ ችግርም ይደርሳታል። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያም ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ ጨርቁና ዘይቱ ይመጣል። መንገዱ በሰላም በሚከፈትበት ሰሞን የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት የጨረሰ ሾፌር በመንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ያርፋል፤ በአስፋልቱ ዳር ቦታ ሲያጣም ወደ ውስጥ፣ ወደ መኖሪያው ሰፈር ይገባል። የውስጡ መንገድ ግን በመጀመሪያ ለሰውና ለከብት፣ ቢበዛ ለጋሪ የታሰበ ነው። ዛሬ ኢሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና የቤት መኪናው ሁሉ በዚያው በጠባቡ ኮረኮንች ላይ ይጋፋል።

የቀድሞ ሰዎች መኪና ባይኖራቸው በቅሎ ነበራቸው፤ በቅሎም ማቆሚያ ትፈልጋለች። እንግዳ በበቅሎ ሲመጣ ከደጅ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ በቅሎዪቱ በግቢው ውስጥ ትታሰራለች፤ ገለባም ይቀርብላታል። የእንግዳውን ከብት የማስቀመጥ ግዴታ የባለ ቤቱ እንጂ የጎረቤቱ አልነበረም። በሌላ ሰው ደጅ በቅሎ አስሮ መሄድ ነውር ነበር፤ በቅሎ ትራገጣለችና ለሕፃንና ለአረጋዊ የሚያሰጋ ነገርም ነበር። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፉ ከበቅሎ መውረድም የታወቀ ሥርዓት ነው። ታላቅ ሰው እንኳ ቢሆን ኮርቻው ላይ እንዳለ መብቱ ወሰን የሌለው አይመስለውም ነበር።

ዛሬም ቢሆን መንገድ በይሁንታ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሰው ሲሞት ወይም ሠርግ ሲሆን ድንኳን በመንገድ ላይ ይተከላል። ጎረቤትም ዞሮ ይሄዳል እንጂ አይቈጣም። ስለ ምን ቢባል፣ በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ስላሉ ነው። አንደኛ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ባለ ጉዳዩ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ድንኳኑ የሚነሣበት ቀን ይታወቃል። የጋራ የሆነን ነገር በውሰት መያዝ ማለት ይህ ነው። ደጅ ዘግቶ የሚያቆም ባለ መኪና ግን ሳይናገር ይይዛል፤ ማን እንደ ሆነ ሳያስታውቅ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ስለዚህ በደሉ መኪና ማቆሙ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ማቆሙ አይቀርምና። በደሉ እነዚህን ሦስቱን ማስቀረቱ ነው። መንገድ በውሰት ይያዛል እንጂ አይወረስም።

ስለ ጎዳና መጨነቅ የዛሬ ነገር አይደለም። ኢየሩሳሌምን በንጉሡ በሕዝቅያስ ዘመን እንዳስጨነቃት የምናነበው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ705 እስከ 681 ዓመት ነግሦ ሳለ፣ ነነዌን ሲያስውብ የንጉሡን ጎዳና 62 ክንድ አድርጎ አሰፋው። ባስቀረጸውም ጽሑፍ፣ ቤት ሲሠራ ይህን ጎዳና ያጠበበ ሰው በገዛ ቤቱ ላይ በእንጨት እንዲሰቀል አዘዘ። ቅጣቱ የአሕዛብ ጭካኔ ነው፤ ነገር ግን መንገድን ማጥበብ ሁሉን መበደል እንደ ሆነ በዚያ ዘመን እንኳ እንደ ታወቀ ያስረዳል። በሮም ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ በዩልዮስ ቄሣር ዘመን የወጣ ሕግ፣ ከጥቂቶች በቀር ጋሪዎች ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ እስከ ዐሥረኛው ሰዓት በከተማው ውስጥ እንዳይሄዱ ከለከለ። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቈጥሩ ነበርና ነገሩ ለእኛ ለመረዳት አያስቸግርም።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ነው። በዚያን ጊዜ ያስቸገረው መኪናውን የሚያስኬዱበት መንገድ ማጣት ነበር፤ ዛሬ የሚያስቸግረው የሚያቆሙበት ማጣት ሆኗል። መኪና ቀድሞ የበዛላቸው አገሮች ይህን ቀድመው አይተውታል። በአሜሪካ በኦክላሆማ ከተማ በ1935 እ.ኤ.አ. ሳንቲም ሲጐርስ ጊዜ የሚቈጥር መሣሪያ በመንገድ ዳር ተተከለ፤ ዋጋውም ለአንድ ሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። ጃፓን በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ መኪና የሚገዛ ሰው ከመንገድ ውጭ ማቆሚያ እንዳለው እንዲያስመሰክር አዘዘች። በአዲስ አበባም በ2009 ዓ.ም. በመገናኛ መኪኖችን በፎቅ ላይ የሚደረድር ማቆሚያ ተሠራ፤ በ2013 ዓ.ም. በታደሰው በመስቀል አደባባይ ሥር ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተከፈተ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ጢስ አይኑራቸው እንጂ ቦታ መያዛቸው አይቀርም። ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። መኪና የገዛ ሰው ማቆሚያውን አብሮ አልገዛም፤ ማቆሚያውን ማሰብ ግን የእርሱ ድርሻ ነው።

ጉዳቱን ደግሞ ለተማሪ ሒሳብ እንደምናስረዳው በቍጥር እንየው። የአንድ ሰፈር መንገድ ስፋቱ 6 ሜትር ነው እንበል። በግራ አንድ የጭነት መኪና፣ በቀኝም ፊት ለፊቱ ሌላ የጭነት መኪና ቢቆሙ፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ሜትር በላይ ይይዛሉ። የሚቀረው ከ2 ሜትር ያነሰ ነው፤ አምቡላንስ ግን ከነመስተዋቱ 2 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እያንዳንዱን ሾፌር ለየብቻው ብንጠይቀው፣ «እኔ መች ዘጋሁ፤ 4 ሜትር ያህል ትቻለሁ» ይለናል። እውነቱን ነው። መንገዱን የዘጋው አንዱ ወይም ሌላው ሳይሆን የሁለቱ ድምር ነው። ስለዚህ ሰው መኪናውን ሲያቆም የራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ የቆመውንም መቍጠር ይገባዋል።

ሁለተኛው ሒሳብ ስለ ልጆች ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌር አደጋ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ አንድ ሰኮንድ ያህል ያልፋል። በሁለት የጭነት መኪኖች መካከል ኳሱን ተከትሎ 5 ሜትር ያህል ቀርቦ ብቅ ያለ ሕፃን እንግዲህ ፍሬኑ ሳይያዝ ይገጫል ማለት ነው። ሕፃኑ ከመኪናው አፍንጫ ያጠረ ስለ ሆነ ሾፌሩ ሊያየው አይችልም፤ ሕፃኑም ሾፌሩን አያየውም። ልጁን የገጨው የሚሄደው መኪና ቢሆንም የከለለው የቆመው መኪና ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ረዳቱ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ያኖራል፤ ሲነሡም ድንጋዩ በመንገዱ መካከል ይቀራል። በጨለማ የሚመጣ ባጃጅ ወይም ዐይነ ስውር መንገደኛ ይሰናከልበታል። በኦሪት ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። ስለ በሬ እንዲህ ከተባለ ስለ ሰው ምን ሊባል ነው?

በከተማችን በአንድ ሰፈር የሆነውን እዚህ ላይ እናስታውሳለን። ጤፍ የሚያመላልስ አንድ ወጣት ነጋዴ ኢሱዙውን በየምሽቱ በተከራየው ቤት አጥር ሥር ያቆም ነበር። ፊት ለፊቱም ሌላ መኪና ያድራል። የሰፈሩ ሰው ለብዙ ወራት አጕረመረመ፤ ነገር ግን ለባለ መኪናው የነገረው አልነበረም። ሲያገኙት እጅ ነሥተው ሰላም ይሉታል፤ ዘወር ሲል ያሙታል። በክረምት አንድ ሌሊት አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ መጥቶ ከሁለቱ መኪኖች አፍ ላይ ቆመ። ጎረቤቶች የግቢውን በር ደበደቡ፤ ግቢው የብዙ ተከራዮች ነበርና ባለ መኪናው በየትኛው ክፍል እንደሚያድር የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻም እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው በዝናብና በጭቃ 200 እርምጃ ያህል አወጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

በነጋታው የሰፈሩ ወጣቶች የመኪናውን ጎማ ሊያስተነፍሱ ተነሡ። የእድሩ ዳኛ ግን፣ «ቈዩ፤ እስቲ እኔ ልቅደም» ብለው ብቻቸውን ወደ ሰውዬው ክፍል ሄዱ። ከተቀመጡ በኋላም፣ «ልጄ፣ ትናንት ሌሊት መኪናህ የሰው ምጥ ልታስረዝም ነበር» አሉት። ነጋዴው ደነገጠ። «አባቴ፣ ምነው ሳትቀሰቅሱኝ! እስከ ዛሬስ ምነው አንድ ሰው ሳይነግረኝ!» አለ። ነገሩን ሲያጫውታቸውም፣ ቀድሞ መኪናውን ራቅ አድርጎ ባሳደረበት ጊዜ ባትሪውንና ሸራውን ሌባ እንደ ወሰደበት፣ ከዚያ ወዲህ ከዐይኑ ሊያርቀው እንደሚፈራ ነገራቸው። በመኪናው ላይ የሚያድረው ጭነትም ሁልጊዜ የእርሱ አይደለም፤ የሰው ዐደራ ነው። ዳኛውም ይህን ሰምተው ሰፊ ግቢ ወዳለው የሆቴል ባለቤት ሄዱ። በስምምነቱ መሠረት ሦስት ባለ መኪኖች የዘበኛውን ደመወዝ ተካፍለው መኪኖቻቸውን በዚያ ግቢ ማሳደር ጀመሩ። ነገሩ ፈጽሞ አለቀ አንልም፤ በገበያ ቀን የሚመጣው እንግዳ መኪና ዛሬም ደጅ ይዘጋል። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ሌሊት አምቡላንስ ማለፍ ይችላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ብዙው ባለ መኪና ደጅ የሚዘጋው በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ወይም ባለማወቅ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ሥሩ የሌባ ፍርሃት ከሆነ መድኃኒቱ ዘበኛ ያለው ማሳደሪያ እንጂ ስድብ አይደለም። ሁለተኛው፣ የጎረቤት ዝምታ ትዕግሥት መስሎ ሲታይ ውስጥ ውስጡን ቂም የሚያከማች መሆኑ ነው። ያልተነገረው ሰው ይታረም ዘንድ እንዴት ይቻለዋል?

ስለዚህ ደጁ የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ? መንገዱ በወንጌል ተሠርቶልናል። ጌታችን ወንድም ቢበድል በመጀመሪያ ለብቻው እንዲነገረው፣ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ እንዲሄዱ፣ ያንንም እንቢ ቢል ለማኅበሩ እንዲነገር አስተምሯል። ለሰፈር ነገርም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የለም።

በመጀመሪያ ለብቻው ይነገረው። የሚነገረውም በሌሊት ክላክስ እየነፉ ወይም በልጆቹ ፊት እየጮኹ ሳይሆን፣ ቀን፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ከሰላምታና ከጤና ጥያቄ በኋላ ነው። የሚባለውም ቍርጥ ያለ ይሁን። «መኪናህ አስቸገረን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ከአጥሬ በር ወዲያ ሁለት ሜትር ብታስጠጋልኝ እናቴን ሐኪም ቤት ለመውሰድ አልቸገርም» ማለት ይሻላል። የጠራ ልመና የጠራ መልስ ያገኛል። ባይሰማ ሁለተኛ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መሄድ ይገባል፤ በሦስተኛው ጊዜ ነገሩን እድር ይየው። እድር ቀብር ብቻ የሚያስብ ማኅበር አይደለም፤ አስከሬን በክብር የሚወጣበትንም መንገድ ማሰብ ይገባዋል። ሸኚው ቃሬዛ ይዞ በመኪኖች መካከል ጎኑን ሲያዞር ማየት ለሟችም ለቋሚም አይገባም። ጥምቀት ሲደርስም ታቦት በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ማንም መኪናውን እንዳያሳድር በጊዜ መናገር የዚሁ የማኅበር ሥራ ነው።

ጎማ ማስተንፈስ፣ መስተዋት መስበር፣ ቀለም መፋቅ፣ ሚስማር መበተን ግን በደልን በበደል መመለስ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ተበዳይነቱን አጥቶ ተከሳሽ ይሆናል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው በራሷ አሳጠረች» እንዲሉ፣ ቍጣው የሚያሳጥረው የራሱን ገመድ ነው።

ሦስቱም መንገዶች ካልሠሩ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1447 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ ንብረት ይቈጥራቸዋል፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ስላለ ብቻ «ይህ መንገድ የእኔ ነው» የሚል ሰው፣ በርሜልና ድንጋይ ደርድሮ ቦታ የሚይዝም ሰው፣ መብት የለውም። በቍጥር 1225 ደግሞ ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጐዳ ያዛል፤ ጢስና መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረትም ከመልካም ጉርብትና መጠን እንዳያልፉ ይከለክላል። ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አስነሥቶ ጎረቤትን በጢስ የሚያፍን ሰው ይህን ይወቅ። በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም መኪና በሚገባበት የግቢ በር ፊት ለፊት ማቆምን ይከለክላል። ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ማመልከት እንግዲህ ጎረቤትን መክዳት አይደለም፤ ነገር ግን ከምክር በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ በር ሊሆን ይገባል።

ለባለ መኪኖችም የምናሳስበው ብዙ አይደለም። መኪናችሁ የሚያድርበትን ቦታ መኪናውን ሳትገዙ አስቡ። በሌላ ሰው ደጅ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ለማቆም ብትገደዱ በሩን አንኳኩታችሁ ጠይቁ፤ የሚቈየውንም ጊዜ ንገሩ። ባለ ቤቱን ካጣችሁት ስማችሁንና የስልክ ቍጥራችሁን ጽፋችሁ በፊተኛው መስተዋት ላይ ተዉ፤ በሌሊት አንዲት እናት ብትጨነቅ ይህች ቍራጭ ወረቀት ሕይወት ልታድን ትችላለች። ስትነሡ ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ አንሡ። ወላጆችም ልጆቻቸው በቆሙ መኪኖች ሥርና መካከል እንዳይጫወቱ ይምከሩ። አሸዋና ጠጠር በመንገድ ላይ የሚያራግፍ ቤት ሠሪም ይኸው ሕግ ይመለከተዋል፤ ያስታውቅ፤ ይገደብ፤ ያንሣ።

የከተማ አስተዳዳሪዎች ድርሻም አለ። የጭነት መኪና በሚያድርባቸው በእንደ ሉማሜ ያሉ የመንገድ ከተሞች፣ ከመኖሪያው ሰፈር ወጣ ያለ፣ መብራትና ዘበኛ ያለው ማሳደሪያ ቢከለል ሾፌሩ ያለ ሥጋት ይተኛል፤ ሰፈሩም ያርፋል፤ ከተማውም ገቢ ያገኛል። «አትቁም» ብቻ የሚል ምልክት ያለ ማቆሚያ ሲተከል ችግሩን ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ማዛወር ይሆናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት እውነትነቱ የሚታወቀው በሌሊት ነው። በሌሊት የሚደርስልን ያ ጎረቤት እንዲደርስልን ከፈለግን ደጁን ቀን ከፍተን እንተውለት። ዛሬ ማታ መኪናውን አቁሞ ቍልፉን የሚነቅል ሁሉ ከመውረዱ በፊት ግራና ቀኙን ይመልከት፤ በዚህ በኩል ሰው ታሞ ቢወጣ፣ በዚያ በኩል አምቡላንስ ቢገባ ያልፋልን ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የማያልፍ ከሆነ ሞተሩን እንደ ገና አስነሥቶ ጥቂት ራቅ ብሎ ማቆም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።